«ቲቸር፣ የትኛውን ጎማ ልግዛ?»

ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላደክማችሁ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። ግራ እጁ በጄሶ ታስሯል፤ ከበስተጀርባው ግድግዳ ተደግፋ የቆመች የተራራ ብስክሌት ትታያለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ እንጦጦ ላይ ወድቄ ነው። እናቴ ብስክሌቷን ሽጣት ብላ ነበር። ጥፋቱ የጎማው ነው ብዬ ለምኜ ለምኜ አንድ ዕድል ሰጥታኛለች። ሁለተኛ ከወደቅክ ግን ለቁራሌው ነው የምሰጣት ብላለች። እርስዎ እዚያ ተራራ ላይ እንደሚነዱ ሰምቻለሁና የትኛውን ጎማ ልግዛ?»

እኔ እንግዲህ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ እንጂ ጎሚስታ አልነበርኩም። 11 ዓመት ጠመኔ ይዤ ስለ በርሊን ጉባኤና ስለ አድዋ ሳወራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ብቻ ጥያቄው ይዞኝ አደረ። ጠዋት ላይ ስለ ጎማ የማውቀውን ሁሉ ሳስበው ያው ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። እያንዳንዱ የጎማ ጥርስ አንድ ቦታ አንድ ሰው ስለወደቀ የመጣ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ መልስህን እዚሁ በአደባባይ ልስጥህ፤ ሌሎቹም ይስሙት።

መጀመሪያ የራሴን ውድቀት ልናገር። ኦክላንድ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ሰው ላይ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ። ሰውየው ለአስፋልት ብሎ ልሙጥ ጎማ አስገብቶባታል። ሰፈር ውስጥ ያለ ብስክሌት ቤት ወስጄ «ንፋስ ሙላልኝ» አልኩት፤ ልጁ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር አነበበና 65 ፒኤስአይ ሞላልኝ። እኔም ጎማ ጠጠር ያለ ነው ጥሩ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። በማግሥቱ በጓደኛዬ መኪና ጭነን ማሪን ካውንቲ፣ ፌርፋክስ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለው ተራራ ሄድን። አቀበቱን በደህና ወጣሁት። ቁልቁለቱ ላይ ግን የደረቀው አፈር እንደ ሲሚንቶ ጠንክሮ፣ በላዩ ላይ ጠጠሩ እንደ ሽምብራ ተበትኗል። ሰፌድ ላይ የፈሰሰ ሽምብራ ላይ መቆም ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? መጠምዘዣው ላይ የፊት ጎማው ከሥሬ ጠፋ። ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

ከኋላ አንድ ነጭ ሽማግሌ መጥቶ ቆመ። ደህና ነህ ብሎ ከጠየቀኝ በኋላ ሌላ ቃል ሳይጨምር የፊት ጎማዬን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። አልረገበለትም። ራሱን ነቀነቀና የቫልቩን ክዳን ፈትቶ ንፋሱን ፊ...ስ እያደረገ ያስወጣው ጀመር። ከፊትም ከኋላም። እኔ ደግሞ ሰውየው ጎማዬን አተነፈሰው ብዬ ልቆጣ ነበር! የቀረውን ቁልቁለት እየደማሁ ወረድኩት፤ ግን ሁለተኛ አልወደቅኩም።

እሱን ቀን ካስታወስኩ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ጎማን የፈለሰፈው ደንሎፕ ነው ሲባል ሰምታችኋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። በአየር የተሞላ ጎማን መጀመሪያ በፓተንት ያስመዘገበው ግን ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፤ ዓመቱ 1845፣ ዕድሜው 23። ጎማ በተነከረ ሸራ የተሠራ ቱቦ በቆዳ ሸፍኖ በፈረስ ጋሪ መንኮራኩር ላይ አሰረው። 1847 ላይ ለንደን በሚገኘው ሪጀንትስ ፓርክ አስነድቶ አሳየ። ሠርቶለታል። ችግሩ የጋሪው ዘመን ገና ለጎማ አልደረሰም፤ ፔዳል ያለው ብስክሌት እንኳ ገና አልመጣም ነበር። ሐሳቡ ተረሳ።

ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ፣ ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የነበረ፣ ትንሹ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ እየተንገጫገጨ ሲቸገር አየ። 1888 ላይ በአየር የተሞላ ጎማ ሠራለት። በማግሥቱ ዓመት ዊሊ ሂዩም የሚባል ጋላቢ በዚህ ጎማ ቤልፋስት ውስጥ ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ በጠንካራ ጎማ የሚወዳደር ሰው ጠፋ። ደንሎፕ ፓተንቱን ግን አጣው፤ የቶምሰን የድሮ ወረቀት ከመዝገብ ወጣበት። የታሪክ ተማሪዎቼ፣ መዝገብ ቤት ማለት ይሄ ነው።

የደንሎፕ ጎማ በማጣበቂያ ነበር ከቸርኬው ጋር የሚያያዘው። ሲፈነዳ ለመጠገን ሰዓታት፣ እስኪደርቅ ደግሞ ሌሊት ይፈጃል። ይሄንን የፈቱት የፈረንሳይ ወንድማማቾች፣ አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን ናቸው፤ 1891 ላይ ተፈትቶ የሚገጠም ጎማ አወጡ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚህ ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር፣ ከ71 ሰዓት በላይ ነድቶ አንደኛ ወጣ። ዛሬ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ጎማው ወልቆ፣ ከመነዳሪው ተስቦ ወጥቶ፣ ውኃ በያዘ ሳህን ውስጥ ቀዳዳው ሲፈለግ የምታዩት ነገር የሚቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቃላቱን ልብ በሉልኝማ። ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ከመነዳሪ ያልነው «የአየር ክፍል» ለማለት ነው። ጣሊያን ወጥቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን መንገድ ዳር ሳህን ይዞ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። በርሊን ጉባኤን አስተምሬያችኋለሁ፤ 1884 እና 85። ካርታውን ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ይሄ የሊዮፖልድ ዳግማዊ ነው፣ ኮንጎ የአንድ ሰው የግል ርስት ሆነ ብያችኋለሁ። ከዚያ ወደ አድዋ አልፌያለሁ። ሊዮፖልድ ከዚያ ምድር ምን እንደፈለገ ስትጠይቁኝ «የዝሆን ጥርስና ጎማ» እል ነበር። ጎማው ለምን እንደተፈለገ ግን አንድም ቀን አልነገርኳችሁም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከደንሎፕ ወዲህ አውሮፓና አሜሪካ በብስክሌት አብዶ ነበር። የ1890ዎቹ የብስክሌት ገበያ ጎማ አምጡ፣ ጎማ አምጡ ይላል። በኮንጎ ጫካ የጎማ ሐረግ አለ። የየመንደሩ ሰው ከሐረጉ ይሄን ያህል ኪሎ ጨምቆ እንዲያመጣ ይገደዳል፤ ካላመጣ ሚስቱና ልጁ ይታገታሉ፣ መንደሩ ይቃጠላል፣ እጅ ይቆረጣል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮጀር ኬዝመንት ሪፖርቱን 1904 አወጣ። በዚያው ዓመት አሊስ ሲሊ ሃሪስ የምትባል ሚስዮናዊት ያነሳችው ፎቶ አለ፤ ንሳላ የሚባል አባት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአምስት ዓመት ልጁን የተቆረጠ እጅና እግር ሲያይ። ፎቶውን እዚህ አልለጥፍም። ኮንጎ ከሊዮፖልድ እጅ የወጣችው 1908 ነው።

አድዋ 1896 ነው። እኛ ያን ቀን ምን እንዳመለጥን ሳስተምር ከካርታው ላይ ድንበር ብቻ ነበር የማሳያችሁ። የጎማውን ሐረግ ባሳያችሁ ኖሮ ይሻል ነበር።

ወደ ጭቃው እንሂድ። አንተም የወደቅከው ጭቃ ላይ አይደል?

አድዋ በሆነ በማግሥቱ ዓመት፣ በሰኔ 1897፣ ሞንታና ከሚገኘው ፎርት ሚዙላ 20 ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች በብስክሌት ተነሡ። የ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ናቸው፤ መሪያቸው ሌተናንት ጄምስ ሞስ የሚባል ነጭ መኮንን ነው። ሠራዊቱ ብስክሌት ፈረስን ይተካል ወይ ብሎ እነሱን ሙከራ አደረጋቸው። እስከ ሴንት ሉዊስ 1,900 ማይል፣ ወደ 3,050 ኪሎ ሜትር፣ በ41 ቀን ገቡ። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ የጋሪ ዱካ፣ ተራራ፣ በረዶ፣ አሸዋ። ከሁሉም የባሰባቸው ግን ሞንታና ውስጥ ያለው የሸክላ ጭቃ ነበር። እኛ ዋልካ የምንለውን አስቡ። ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጫማ ያወልቃል። ዋልካው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ በጎማውና በሹካው መሀል ይሞላል፣ መንኮራኩሩ ይቆማል። ወታደሮቹ እየወረዱ ጭቃውን ይፍቃሉ፣ ጥቂት ይሄዳሉ፣ ደግመው ይፍቃሉ። ባልሆነላቸው ጊዜ በባቡር ሐዲድ ላይ፣ እንጨቱን እየረገጡ፣ ብስክሌቱን እየገፉ ሄዱ። ጎማቸው ቀጭን፣ ጥርስ የሌለው፣ ለከተማ የተሠራ ነበር። ነብራስካ ሲደርሱ ደግሞ አሸዋው ያው ቀጭን ጎማ እየዋጠ ተቀበላቸው።

ሴንት ሉዊስ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ሠራዊቱ ግን በባቡር መልሶ ላካቸውና ሙከራው በዚያው ቀረ። ከመካከላቸው ሚንጎ ሳንደርስ የተባለው ሳጅን 1906 ላይ፣ ብራውንስቪል ቴክሳስ በተፈጠረ ተኩስ፣ ማስረጃ ሳይቀርብ፣ ችሎት ሳይቆም፣ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ከ166 ጓደኞቹ ጋር ያለ ጡረታ ከሠራዊት ተባረረ። ስማቸው የጸዳው 1972 ነው፤ እሱ ሞቶ ቆይቷል። ይሄ የጎማ ታሪክ አይደለም፤ ዘልዬው ማለፍ አልቻልኩም እንጂ።

ለጭቃ የሚሆን ጎማ ምን እንደሆነ ከእነሱ መከራ መረዳት ይቻላል። ጥርሱ ረጅም፣ በጥርስና በጥርስ መሀል ያለው ክፍተት ሰፊ። ጥርሱ ከተጠጋጋ ጭቃው በመሀል ገብቶ ይጋገራል፣ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ክፍተቱ ሲሰፋ መንኮራኩሩ በዞረ ቁጥር ጭቃውን ይተፋዋል። ስፋቱ ደግሞ መጠነኛ ይሁን፤ ጠበብ ያለ ጎማ የላይኛውን ለስላሳ ጭቃ ቆርጦ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል፣ ከሹካው ጋርም ክፍተት ይተዋል። እንግሊዞች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ አየራቸው አስተምሯቸዋል።

ስፋት የመጣው ከልጆች ብስክሌት ነው፤ ይሄ ሁልጊዜ ያስቀኛል። 1933፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ላይ እያለች፣ ቺካጎ ያለው ሽዊን ኩባንያ 2.125 ኢንች ስፋት ያለው፣ በትንሽ ንፋስ የሚሄድ «ባሉን» ጎማ በልጆች ብስክሌት ላይ አወጣ። የልጅ ብስክሌት ከእግረኛ መንገድ ይዘላል፣ ግቢ ውስጥ ይጋጫል፣ ማንም አይንከባከበውም። ጎማው ይሄን ሁሉ ቻለ። ከጦርነቱ በኋላ ልጆቹ አደጉ፣ ብስክሌቶቹ ጋራዥ ውስጥ ዝገው ቀሩ።

በ1970ዎቹ ማሪን ካውንቲ ያሉ ወጣቶች እነዚህን አሮጌ ሽዊኖች ከቆሻሻ ተራ በጥቂት ዶላር እየገዙ ወደ ተራራ ይዘዋቸው መውጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ ባለ ቀጭን ጎማ የአስፋልት ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ቻርሊ ኬሊ፣ ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝ። ጥቅምት 21 ቀን 1976 ፌርፋክስ አጠገብ፣ እኔ ከወደቅኩበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የጫካ ቁልቁለት ላይ ሰዓት ይዘው ተወዳደሩ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ቁልቁለቱ 400 ሜትር ገደማ። ፍሬናቸው ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ የድሮ ዓይነት ነው። ታች ሲደርሱ ግራሱ ተቃጥሎ ይጨሳል፤ በየጊዜው ፈትቶ ግራስ እንደገና መሙላት ነው። «ሪፓክ» የሚለው የውድድሩ ስም ከዚያ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ያሸነፈው አላን ቦንድስ ነበር። ለምን አሸነፈ? ሳይወድቅ የደረሰው እሱ ብቻ ስለነበረ። ለእናትህ ይሄን ንገርልኝ፤ ይሄን ስፖርት የጀመሩትም ሁሉም ወድቀዋል በላት።

የዚያ ዓመት ካሊፎርኒያ በድርቅ ላይ ነበረች። መሬቱ ደረቅ፣ ጠጠሩ ልል፣ ማለትም ሽምብራው። እነሱ ዘንድ ዝናብ የሚጥለው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ እኛ በክረምት ስንበሰብስ እነሱ አቧራ ይበላሉ። ስለዚህ የተራራ ብስክሌት ጎማ ሲወለድ የተወለደው ለደረቅ ቁልቁለት ነው። ጥርሶቹ አጠር ያሉ፣ ብዙ፣ ጠንካራ። ጆ ብሪዝ 1977 ላይ ለዚህ ስፖርት ብሎ የመጀመሪያውን ክፈፍ ሲበይድ (ዛሬ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው፤ ዲሲ ያላችሁ ኩሩ) የለካው ከጎማው ተነሥቶ ነው። 26 ኢንች፣ 2.125። የሽዊን የልጆች ጎማ መጠን። ብረቱ ለጎማው ተሠራ እንጂ ጎማው ለብረቱ አልተሠራም።

እዛው ማሪን ውስጥ ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ! እንደ እኛው ከአውስትራሊያ የመጣ። መጀመሪያ ሽታው ሲነካኝ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል መንገድ ላይ ሲጠራቀም ማንኛውንም ጎማ ያንሸራትታል፤ ልጄ፣ ለዚህ መድኃኒቱ ጥርስ ሳይሆን ፍጥነት መቀነስ ነው።

1981 ላይ ስፔሻላይዝድ «ስታምፕጃምፐር»ን በብዛት ወደ ገበያ ካወጣ በኋላ ነገሩ ዓለምን ያዘ፤ በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ገባ። በመሀል ግን ሰዉ አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ። የአስፋልት ብስክሌት አስተሳሰብ ይዞ፣ ጠባብና ጠንካራ ጎማ ይፈጥናል ብሎ፣ 1.95 ኢንች ጎማ ላይ 40 እና 50 ፒኤስአይ እየሞላ ተራራ ላይ ይንገጫገጭ ጀመር። አስፋልት ላይ እውነት ነው። ድንጋይ ላይ ግን ጠንካራ ጎማ በእያንዳንዷ ጠጠር ላይ ብስክሌቱንና ሰውየውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል። ለስለስ ያለው ጎማ ጠጠሯን ውጦ ያልፋል። ብስክሌት ቤቱ ያለው ልጅ የሞላልኝ 65 የዚያ አስተሳሰብ ርዝራዥ ነው።

ሒሳቡን አስቡት። የኋላ ጎማ ላይ 50 ኪሎ ያርፋል እንበል። 40 ፒኤስአይ ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2.8 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ መሬቱን የሚነካው ጎማ በግምት 18 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የአንድ ክብሪት ቀፎ ያህል። ንፋሱን በግማሽ ቀንሱት፣ ሁለት የክብሪት ቀፎ ይሆናል። ሳንቲም ሳታወጡ ጎማችሁ እጥፍ መሬት ጨበጠ። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ የሠራው ይሄንኑ ነው።

«ታዲያ ለምን ሁሉም ንፋስ አይቀንስም?» ትሉኛላችሁ። ከመነዳሪው ነዋ። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ይነከሳል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣል፣ እባብ የነደፈ ይመስል። መፍትሔው 1999 ላይ መጣ፤ ማቪክ የሚባለው የፈረንሳይ ቸርኬ አምራች ከሚሽላንና ከሃቺንሰን ጋር ሆኖ ለተራራ ብስክሌት ከመነዳሪ የሌለው ጎማ አወጣ። በመኪና ቱብለስ የምንለው። ከዚያ ስታን ኮዚያቴክ የሚባል አሜሪካዊ ቀዳዳ የሚደፍን ወተት መሳይ ፈሳሽ አዘጋጅቶ ተራውንም ቸርኬ ቱብለስ ማድረግ እንዲቻል አደረገ። ከ30 በታች በሰላም መንዳት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመንኮራኩር መጠን ጦርነቱን (26 ነው፣ 29 ነው፣ 27.5 ነው) እዘለዋለሁ፤ ያንተ ብስክሌት የያዘችውን ነው የምትገዛላት።

የፊትና የኋላውን ግን አልዘለውም፣ ምክንያቱም ፎቶህን አጉልቼ አየሁት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓናሬሰር የሚባል የጃፓን ኩባንያ «ስሞክ» እና «ዳርት» የሚባሉ ሁለት ጎማዎች በጥንድ ይሸጥ ነበር። ስሞክ ለኋላ ነው፤ ጥርሶቹ አግድም የተሰለፉ፣ እንደ አካፋ አፈሩን እየገፉ የሚወጡ። ዳርት ለፊት፤ ጥርሶቹ እንደ ቀስት ወደፊት የሾሉ፣ መሪው ሲዞር መሬት የሚይዙ። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ሥራ አይሠሩም ማለት ነው። የኋላው ይገፋል፣ የፊቱ ይመራል። የኋላው ቢንሸራተት ትወዛወዛለህ፣ እግርህን ታወርዳለህ፣ ትስቃለህ። የፊቱ ሲንሸራተት ግን ለማሰብ ጊዜ የለህም፤ እኔ ሽምብራው ላይ እንዳላገኘሁት ሁሉ።

ፎቶህ ላይ የኋላ ጎማህ ጥርሱ ገና ደህና ነው። የፊቱ መሀሉ ላጭቷል፣ የጎን ጥርሶቹ ተበልተዋል። ስጠይቅህ ምን አልከኝ? «የኋላው አልቆ ነበር፣ ጎሚስታው የሚገፋው እሱ ነው ብሎ ደህናውን ወደ ኋላ አዞረልኝ።» ልጄ፣ የወደቅከው በዚህ ነው። ለመኪና ደህናውን ጎማ ከኋላ አድርጉ ይባላል፤ ለብስክሌት ተቃራኒው ነው። በጎሚስታው አልፈርድም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው መኪና ነው።

አሁን ለእንጦጦ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ መንገዱ የእኔው የማሪን ሽምብራ ነው፤ ጠንካራ መሬት ላይ ልል ጠጠር። ከፊት 2.4 ኢንች፣ የጎን ጥርሶቹ ትላልቅና ጠንካራ የሆኑ፣ በመሀልና በጎን ጥርስ መካከል ግልጽ ክፍተት ያለው። ከኋላ ትንሽ ጠበብ ያለ፣ የመሀል ጥርሱ አጠር ብሎ የተጠጋጋ፤ አቀበቱን ያቀልልሃል። በክረምት ደግሞ ቢቻል የፊቱን ባለ ረጅም፣ ክፍተቱ ሰፊ በሆነ ጥርስ ቀይረው። ካልተቻለ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዋልካው ላይ አለመንዳት ነው። የጎማውንም ልስላሴ እይ፤ ቁጥሩ 60 የሆነ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አያልቅም፤ 42 የሆነው እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ማስቲካ ይይዛል ግን ቶሎ ያልቃል። ጎማ በውድ ለሚገኝበት አገር ለኋላው ጠንካራውን፣ ለፊቱ ለስለስ ያለውን ውሰድ። የእንጦጦ ድንጋይ ስለት ስላለው የጎማው ጎን ስስ አይሁን።

ንፋስ፦ ክብደትህ 65 ኪሎ ነው ብለኸኛል። ከመነዳሪ እስካለው ድረስ ከፊት 26፣ ከኋላ 30 ጀምር። ድንጋይ ስትመታ ቸርኬው ከነካ 2 ጨምር። ቱብለስ ያደረግከው ቀን ከፊት 20፣ ከኋላ 23።

አዲስ አበባ ዋጋውን ጠየቅኩ፤ ልነግራችሁ አልፈልግም። እዚህ ሁለት ጎማ ገዝቼ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ልኬያለሁ። በክንፋቸው ውስጥ የብረት ሽቦ የሌላቸውን፣ እንደ ጨርቅ ተጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ የሚገቡትን መርጫለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሁለት ኪሎ አይሞሉም። ዘመዴ ግን «ለበርበሬ የሚሆን ቦታ በላብኝ» እያለ እስካሁን ያማርራል። (ተመልሶ ሲመጣ ነው በርበሬው፣ ምን አገናኘው?)

ሐሙስ ይደርሳሉ። ሰፊው የፊቱ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ብስክሌቷ ወደምትሄድበት ይዞር። ጄሶው ሳይወጣ እንዳትገጥመው፣ በአንድ እጅ ታግለህ ከመነዳሪውን ትነክሰዋለህ። አዲስ አበባ ያላችሁና የንፋስ መለኪያ ያለው ፓምፕ ያላችሁ ልጆች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ላገናኛችሁ። እስከዚያው በአውራ ጣት ጫን በለው፤ ፊት ሲጫኑት ረገብ የሚል፣ ኋላ ትንሽ ጠንከር ያለ። እናትህን ሰላም በልልኝ።